አቦ፣ መጀመሪያ በርሜልህን ከፍተህ እይ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ድሬ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። እኔ ዘንድ የደረሰው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስንጠጣ ነው። ጓደኛዬ ጮክ ብሎ አነበበው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ቤት ገብቼ ብቻዬን ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። የምሥራቁ ዩኒቨርሲቲዎች ቢምቢ በመቁጠር፣ ጅብ በመከተል እና ውሃ በጠርሙስ በመቅዳት የሕዝብ ገንዘብ ይጨርሳሉ። ወባ ድሮም ነበር፤ አዲስ ትንኝ መጣ የሚባለው ገንዘብ ማግኛ ነው። መፍትሔው አጎበር ነው፣ አለቀ። ትንኙ የሚፈለፈለው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ስለሆነ ነዋሪውን በርሜልህን ክደን ማለት ጥፋትን ማሸጋገር ነው። የከተማው ውሃ ኖራ እንዳለበት ለማወቅ ማንቆርቆሪያ ይበቃል። ጥናት የሚጠቅም ቢሆን የሐሮማያ ሐይቅ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ ባልደረቀ ነበር። የተጠናውም ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቀውም። የድሬ ልጅ መሆኑ ግን ከአጻጻፉ ያስታውቃል። እኛ ደግሞ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ነው የምንለው። ስለዚህ አንተ እያልኩ ልቀጥል፣ እንደ ድፍረት አትየው። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አበል በልቼ አላውቅም። (ይህን የምለው የመጀመሪያ ጥያቄህ እሱ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው።)

ከትንኙ ልጀምር። ወባ ድሮም ነበር ያልከው እውነት ነው። የእናቴ ትውልድ ወባን የሚያውቃት እንደ ጎረቤት ነው። ግን መቼ ነበር የምትመጣው? ክረምቱ አልፎ፣ ውሃ እዚህም እዚያም ሲያቁር። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ወቅት ይህ ነው። ነባሩ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የዝናብ ኩሬ ይወዳላ።

አሁን ደግሞ 2014 ዓ.ም.ን አስታውስ። የክረምቱ ዝናብ ገና ሳይመጣ ነው ከተማው የታመመው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያቸው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ተኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ደረሰ። አሥር እጥፍ አልፏል፣ ያውም በግማሽ ዓመት፣ ያውም በማይጠበቅበት ወቅት። ድሮም ነበር የሚለው መልስ እዚህ ጋ አይሠራም። የድሮዋ ወባ በዚህ ወር አትመጣም ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ይህን የመለሱት እነዚያ ቢምቢ ቆጣሪዎች ናቸው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ አገሩ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ተገኘ። በ2016 ደግሞ በእኛው አገር ቀብሪ ደሃር። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ታማሚ 27 ነበር። በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ቁጥሩ ፊደል የተሳሳተ ይመስላል፣ ግን አልተሳሳተም። ጅቡቲ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ድሬ የተወለደችው ከእሷ በመጣው ሐዲድ ነው። ልብሱም፣ ሩዙም፣ ጎማውም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። ትንኙ ቪዛ የለውም።

የገንዘብ ማግኛ ነው ስላልከው ጥናት አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዴት እንደተሠራ። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩቱ ተመራማሪ በፍጹም ታደሰ የተመራው ቡድን ድሬ መጣ። ወረርሽኙ ገና አልበረደም ነበር። ወባ የተገኘባቸውን ሰዎች ቤት ድረስ ተከትለው ሄዱ። ቤተሰቡን መረመሩ፣ ጎረቤቱን መረመሩ። ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ያልተገኘባቸውንም ሰዎች ቤት እንዲሁ አደረጉ። ከዚያ አወዳደሩ። ኢንፌክሽኑ በታማሚዎቹ ቤት ዙሪያ ተሰባስቦ ተገኘ። ያ ደግሞ ስቴፈንሲ በአካባቢው ከመኖሩ ጋር አጥብቆ ተያያዘ። ትንኟን ራሷን ከፍተው ሲያዩ የወባ ተውሳክ ውስጧ አለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ ወጣ። በአፍሪካ ከተማ ውስጥ ይህ ትንኝ ወረርሽኝ እንደሚያስነሳ እስከዚያ ድረስ ከቀረቡት ማስረጃዎች የጠነከረው ይኸው የኛው ሰፈር ማስረጃ ነው። ለድሬ ልጅ ይህ የሚያኮራ ነው ወይስ የሚያሳዝን? እኔንጃ፣ ሁለቱም ይመስለኛል።

ቆጠራው ሌላም ነገር አወጣ። አንተ ጭራሽ አላነሳኸውም። ጤና ጣቢያ ሄደህ ጣትህን ተወግተህ በሩብ ሰዓት ውጤት የምትሰማበትን ፈጣን ምርመራ ታውቀዋለህ። ያ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። ያን ፕሮቲን የሚያመርተው ዘረመል የጠፋበት ተውሳክ ካለ ምርመራው አያየውም። ወባ የለብህም ብሎ ይሸኝሃል። የድሬው ወረርሽኝ ተውሳክ እንዲህ ያለ ምልክት ነበረበት። አርቴሚሲኒን ለተባለው ዋና መድኃኒት የመላመድ ምልክትም አብሮት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ታማሚዎች 5 በመቶ ከደረሱ አገሮች የመመርመሪያውን ዓይነት እንዲለውጡ ይመክራል። አምስት በመቶ መድረሱን በምን ታውቃለህ? በመቁጠር ነው እንጂ።

ጎረቤቴ ልጅ አላት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ። በዚያ ሰሞን ሲያተኩሰው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችው። በፈጣኑ ምርመራ ወባ የለም ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ልጁ መቆም አቃተው። ሌላ ቦታ ደሙን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ወባ ነው። ከዘረመሉ የተነሣ ነው ብዬ አልምልም፣ ምርመራው በሌላ ምክንያትም ሊስት ይችላል። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ያች እናት ውጤቱን ይዛ ስትወጣ ፈጣኑ ምርመራ ሊሸወድ እንደሚችል የነገራት የለም። አሁን ሰፈራችን ይህን ያውቃል። ትኩሳቱ ካልለቀቀ ማይክሮስኮፕ ያለበት ይሂድ ይባላል።

ወደ አጎበር። አጎበር አያስፈልግም የሚል ተመራማሪ አላየሁም፣ እኔም አልልም። ልጆቼ የሚተኙት አጎበር ውስጥ ነው። አለቀ ማለትህ ግን የድሬን ማታ የረሳህ አስመሰለህ። በሚያዝያ ሙቀት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አጎበር ውስጥ የገባ ሰው አሳየኝ! ሰው ደጅ ነው። ካርታ እየተጫወተ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ሕፃን እያባበለ፣ በርጫው ያልለቀቀውም እዚያው ተደግፎ። ይህ ትንኝ ደግሞ ገና በጊዜ ምሽቱ ላይ ይነክሳል፣ ቤት ውስጥም ደጅም ይነክሳል። ነክሶ ሲጠግብ የግድ የተረጨ ግድግዳህ ላይ አያርፍም። ከብትና ፍየል የሚያድርበት በረት ይስማማዋል። ደግሞ ብዙዎቹን ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ተላምዷል። ስለዚህ አጎበሩና ርጭቱ ብቻቸውን አይችሉትም። የትኛውን ጨምሮ መሥራት እንደሚገባ የሚታወቀው ትንኙ የት እንደሚፈለፈል፣ የት እንደሚያርፍ፣ መቼ እንደሚነክስ ሲታወቅ ነው።

የት ይፈለፈላል? እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የተጣላነው።

አንተ ደቻቱ አልክ። ደቻቱን እኔም አውቀዋለሁ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ኃጢአቱ ሌላ ነው። ሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ማንም የድሬ ሰው አይረሳም። ቆሻሻውም ይጸዳ፣ እስማማለሁ። ግን ስቴፈንሲ የደቻቱን እድፍ አይመርጥም። የሚመርጠው አንተ የምትጠጣውን ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ የኮንክሪት ማጠጫ ብለው ላስቲክ አንጥፈው የሚቆፍሩት ጉድጓድ። ዝናብ አይጠብቅም። ውሃውን የምናቆርለት እኛው ነን። በበጋ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

እኔ ይህን በወሬ አላመንኩም። ቅዳሜ ጠዋት አራት ተማሪዎቼን ጠራሁ። ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ ይዘን ከራሴ ግቢ ጀመርን። ሚስቴ ደስ አላላትም፣ በርሜሏ ንጹሕ ነው ባይ ናት። እውነትም ንጹሕ ነው፣ በየጊዜው ታጥበዋለች። ክዳኑ ግን አንድ ጎኑ የተሰበረ ነበር። የመጀመሪያው ጭልፊያ ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። በሦስተኛው ኩባያው ውስጥ ትናንሽ ነገሮች ተወራጩ።

አንዱ ተማሪ ሁሉም አንድ ነው አለ። አይደለም። ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የተራው ትንኝና የዴንጊ ትኩሳት አስተላላፊው ትንኝ እጭ መተንፈሻ ቱቦ አለው፣ ስለዚህ ጅራቱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። የአኖፌለስ እጭ ቱቦ የለውም፣ ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ ይጋደማል። እኛ ኩባያ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፣ የተንጠለጠለም የተጋደመም። የተጋደመው ስቴፈንሲ ይሁን ሌላ አኖፌለስ እኔ በዓይኔ አልለየውም፣ ለዚያ ማይክሮስኮፕና የዘረመል ምርመራ ይጠይቃል። ግን አኖፌለስ በበጋ፣ በመኖሪያ ግቢ፣ በርሜል ውስጥ! ዩኒቨርሲቲ ሳለን የተማርነው መጽሐፍ ይህን አይልም ነበር።

ስለተንጠለጠለውም ላንሣ። ከተንጠለጠሉት የዴንጊው ኤደስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬ ላይ ዴንጊ ያመጣብን፣ በ2019 ደግሞ በችኩንጉንያ ስንት ሺህ ሰው ያስተኛብን እሱ ነው። ያን ጊዜ የያዘው ሰው ዛሬም መገጣጠሚያዬን ይላል። አንተም ሳትያዝ አልቀረህም። ያ ትንኝና ይህ ትንኝ አንድ በርሜል ይጋራሉ። አንድ ክዳን ሁለቱንም ይዘጋል። ሳምንት ሳይሞላ ውሃውን ቀይሮ ጎንና ጎኑን ፈትጎ ማጠብ ደግሞ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ይቀድመዋል። ይህን ምክር ርካሽ ያደረገው ያ ውድ የምትለው ጥናት ነው።

ጥፋትን ማሸጋገር ነው ያልከው ላይ ግን ግማሽ እውነት አለህ። ሙሉ ልሰጥህ አልችልም እንጂ ግማሹን እሰጥሃለሁ። ሰው በርሜል የሚሞላው በርሜል ወዶ አይደለም። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ውሃ በየቀኑ ቢፈስ ግማሹ ሮቶ ባዶውን ይሰቀል ነበር። ስለዚህ እናቶችን በርሜል አትክደኑም ብሎ መቆጣት ነውር ነው። ግን ይህን ሐሳብ የሚያጠናክርልህ ያው ጥናት ነው! የቧንቧ መቆራረጥ የጥም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የወባ ጉዳይ መሆኑን ያመለከተው ስቴፈንሲ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ መፈልፈሉ ነው። ውሃ ይምጣልን ስትል ከዛሬ ጀምሮ የጤና ክርክር ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ያንን ትተህ ተመራማሪውን ትስቅበታለህ።

ስለ ውሃው ኖራ የቀለድከው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ማንቆርቆሪያ ይበቃል ብለሃል። ለኖራው እውነትህን ነው። የድሬ ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደ ግድግዳ ነው። ናይትሬት ግን ማንቆርቆሪያ ላይ አይታይም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። በማፍላት አይጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የድሬ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ችግር ይህ ነው። አፈራችን አሸዋማ ነው። መጸዳጃችን አብዛኛው ጉድጓድ ነው። ከላይ የቆፈርነው ወደ ታች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በተለይ የሚያሰጋው በጡጦ የሚያድገውን ጨቅላ ነው፣ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ነገር ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ካልወሰደ ሰው ከማን ትሰማለህ?

ጅቡን በአጭሩ። የሐረር ጅብ የቱሪስት ነው ብለህ አልፈሃል። ምግብ በአፍ የሚያጎርሰው ሰው አዎ፣ የቱሪስት ነው። ጀጎል ግንብ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ሌሊት ገብተው የሚጠርጉት ግን ለቱሪስት አይደለም። መቀሌ ላይ በተሠራ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ሬሳና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ ተገምቷል። ይህን በማድረጋቸው አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ይረዳሉ። ለሐረርም እንዲህ ቢሰላ እኔ ደስ ይለኛል። ሐረሮች ግን ወራባን፣ ጅቡን ማለቴ ነው፣ ለማክበር ጥናት አልጠበቁም።

አሁን ወደ ሐይቁ። ይህ ነጥብህ አሞኛል፣ ምክንያቱም እዚያ ተምሬያለሁ። እኔ ስገባ ስሙ ገና አለማያ ነበር። ሐይቁ ከካምፓሱ ይታያል። ማታ ማታ እንወርድ ነበር። በየዓመቱ ዳርቻው ወደ ውስጥ ሲሸሽ በእግራችን ለክተነዋል። ትናንት ውሃ የነበረበት ላይ ዛሬ ድንች ተተክሎ ታያለህ። በ1990ዎቹ ውስጥ ሐይቁ አለቀ። ሐረር ውሃ የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ሐረሮች ያንን ዘመን በጀሪካን ነው የሚያስታውሱት። በኋላ ውሃው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች መምጣት ጀመረ፣ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ሽቅብ እየተገፋ።

አንተ የምትለው ኮሌጁ ከ1940ዎቹ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጦ ሐይቁ ደረቀ ነው። ስለዚህ ጥናት ከንቱ ነው። እኔ ግን የምጠይቅህ ሐይቁን ማን ጠጣው ብዬ ነው። ጥናቶቹ ተናግረዋል። ዙሪያውን የጫትና የአትክልት ማሳ በሞተር ይስብ ነበር። ሐረርም፣ ሐሮማያም፣ አወዳይም ይቀዱ ነበር። ከተራቆተው ተዳፋት በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ወለሉን ሞላው። ይህ ሁሉ ተጽፏል። መምህራኑም ተማሪዎቹም ጽፈውታል። ፓምፑን ግን ተማሪ አይዘጋም። ኮታ የሚያወጣ፣ የሚቆጣጠር፣ ገበሬውን በሌላ መንገድ ውሃ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሌላ አካል ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። አንተ ዳውላውን እየመታህ ነው።

ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ውሃ ይዟል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። እዚያ በኩል በታክሲ ስታልፍ መስኮት አጠገብ ተቀመጥ። ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞር ታያለህ። እንዲቆይ ከተፈለገ ምን ያህል ይገባል፣ ምን ያህል ይወጣል የሚለውን አሁንም መለካት አለበት። ለኪዎቹን አሁን ብናባርራቸው ሁለተኛውን መድረቅ የምናውቀው በጀሪካን ነው።

የመጨረሻው ነጥብህ ስለ ቋንቋው ነው። እዚህ ላይ መልስ የለኝም። ትክክል ነህ። ይህን ሁሉ የነገርኩህን ነገር ያገኘሁት በእንግሊዝኛ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ አንዳንዱን አንቀጽ አራት ጊዜ እያነበብኩ። ደሟን የሰጠችው ሴትዮ፣ ግቢዋን ለተመራማሪው የከፈተችው ሴትዮ፣ በርሜሏ ውስጥ ምን እንደተገኘ ማንበብ አትችልም። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ ሐረር ከሆነች በሐረሪም ሊነገራት ይገባል። አንድ ገጽ ይበቃል። በአፍም ቢሆን። ያን አለማድረጋቸው ስንፍና ነው፣ ለዚህ አልከራከርላቸውም። ግን ጽሑፍህ ይህን ብቻ ቢል ኖሮ እኔም እፈርምበት ነበር። በአማርኛ ስላልተጻፈ መቆጠር የለበትም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይልቅ አንድ ነገር እንዋዋል። አንተ ከኔ ይልቅ ትጽፋለህ፣ ሰው ያስቃል ጽሑፍህ። ያች አንድ ገጽ ባንተ እጅ ብትጻፍ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ምክር በበለጠ ትነበባለች። እኔ ኩባያውን አመጣለሁ። ተማሪዎቼ ከሳቢያን ጀምረው ገንደ ቆሬ ደርሰዋል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለገሃሬ ናቸው። በሦስት ሰዓት እንነሣለን፣ ሳይሞቅ። የእኔ በርሜል አዲስ ክዳን አለው፣ ሚስቴ ራሷ ናት የገዛችው፣ ከታይዋን ገበያ። ያንተን ግን ገና አላየነውም።